የባሕር ጠለል መጨመር የኮምፒዩተር ሞዴሎች

የባሕር ጠለል መጨመር ሞዴሎች የሚባሉት የምድር ሙቀት ሲጨምር የውቅያኖሶች ከፍታ በምን ያህል እንደሚለወጥ ለማስላት የሚያገለግሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ናቸው። ብዙ ጊዜ «ሞዴሉ በ2100 ባሕሩ ይህን ያህል ከፍ ይላል ይላል» ተብሎ ቢነገርም፣ እንዲህ ያለ አንድ ሞዴል የለም። ቁጥሩ የሚገኘው የብዙ ፕሮግራሞች ውጤት ተደምሮ ነው። አንዱ የውቅያኖሱን ሙቀት ያሰላል፤ ሌላው የተራሮችን ግግር በረዶ፣ ሌላው የግሪንላንድንና የአንታርክቲካን በረዶ፣ ሌላው ደግሞ የስበትን ለውጥና የየብሱን መነሣትና መስመጥ ያሰላል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በጥሩ ሁኔታ የሚታወቁ ሲሆኑ የአንታርክቲካው ግን እስካሁን ያከራክራል። በከፍተኛና በዝቅተኛ ትንበያዎች መካከል ያለው ሰፊ ርቀት፣ የሰው ልጅ ወደፊት ከሚለቀው ጋዝ መጠን ቀጥሎ፣ በዋናነት የሚመጣው ከዚያ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የባሕር ጠለል ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ «የባሕር ጠለል» የሚለው ቃል የሚታወቀው በተራሮች ከፍታ ነው፦ ራስ ዳሸን ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው ሲባል። በዚህ አባባል ባሕሩ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለና የማይንቀሳቀስ መነሻ ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። የምድር ስበት በሁሉም ቦታ እኩል ስላልሆነ የውቅያኖሱ ፊት ራሱ ጉብታና ጎድጓዳ አለው። ከሕንድ በስተደቡብ ባለው ውቅያኖስ ላይ የባሕሩ ፊት ከተስተካከለው የምድር ቅርጽ 100 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በዚህ ላይ ነፋስ፣ የውኃ ሞገድና የየዕለቱ የባሕር ሙላትና ጉድለት ይጨመራሉ።

ስለዚህ ሳይንቲስቶች የሚከታተሉት ለውጡን ነው። ቀድሞ ይህ የሚለካው በወደቦች ላይ በተተከሉ የከፍታ መለኪያዎች ነበር፤ የስቶክሆልም መዝገብ እስከ 1774 ድረስ ወደኋላ ይሄዳል። ችግሩ የወደብ መለኪያ መሬት ላይ የተተከለ መሆኑ ነው። መሬቱ ከሰመጠ ባሕሩ ከፍ ያለ ይመስላል፤ መሬቱ ከተነሣ ደግሞ ባሕሩ የሸሸ ይመስላል። በ1992 ቶፔክስ/ፖሳይደን የተባለው ሳተላይት ከመጠቀ ወዲህ ግን ከ1,336 ኪሎ ሜትር ከፍታ የራዳር ምት ወደ ውኃው እየላከ፣ ምቱ ተመልሶ ለመምጣት የፈጀበትን ጊዜ በመለካት የውቅያኖሱን ከፍታ ከየብሱ ነጻ ሆኖ ማወቅ ተቻለ። የጄሰን ሳተላይቶችና በ2020 የመጠቀው ሴንቲነል-6 ይህንኑ ሥራ ቀጥለዋል።

ውጤቱ ግልጽ ነው። ከ1901 እስከ 2018 የዓለም አማካይ የባሕር ጠለል 20 ሴንቲሜትር ያህል ጨምሯል። ፍጥነቱ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። እስከ 1971 ባለው ጊዜ በዓመት 1.3 ሚሊሜትር ገደማ የነበረው፣ ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ወደ 3.7 ሚሊሜትር ደርሷል።

ውኃው ከየት ይመጣል?

በሙቀት አማቂ ጋዞች ምክንያት በምድር ላይ ከተከማቸው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገባው ወደ ውቅያኖስ ነው። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። እስከ አፉ ተሞልቶ የተጣደ ድስት ገና ሳይፈላ ጠርዙን አልፎ መፍሰስ የሚጀምረው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። የውቅያኖሱ ጥልቀት በአማካይ ወደ 3,700 ሜትር ስለሚጠጋ፣ እያንዳንዱ የውኃ ንብርብር በጥቂቱ ቢሰፋ እንኳ ድምሩ ላይኛው ፊት ላይ ይታያል። ከ1971 እስከ 2018 ከታየው ጭማሪ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዚህ ነው። የተራራ ግግር በረዶ 22 በመቶ፣ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ 20 በመቶ፣ በየብስ ላይ የተከማቸ ውኃ ለውጥ ደግሞ 8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ድርሻቸው እየተለዋወጠ ነው፤ ከ2010 እስከ 2019 የሁለቱ ታላላቅ የበረዶ ንጣፎች መቅለጥ ከ1992–1999 ከነበረው በአራት እጥፍ ጨምሯል።

ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ሲቀልጥ ከፍታውን የሚለውጠው እጅግ በጥቂቱ ብቻ ነው፤ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ያለ በረዶ ሲቀልጥ ውኃው እንደማይፈስ ሁሉ። የሚቆጠረው ከየብስ ላይ ወደ ባሕር የሚገባው ነው። የውቅያኖሶች ስፋት 361 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የዓለምን ባሕር በ1 ሚሊሜትር ከፍ ለማድረግ 361 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ውኃ ያስፈልጋል። ለንጽጽር ያህል፣ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 74 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ውኃ ይይዛል። ይህ ከዓለም ባሕር 0.2 ሚሊሜትር ያህል መቀነስ ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በመላው ዓለም የተሠሩት ግድቦች በአንድነት ያስቀሩት ውኃ የባሕሩን ጭማሪ በሚለካ መጠን ሸሽጎት ነበር። ስለዚህ ግድቦችም በሒሳቡ ውስጥ ይገባሉ።

የበረዶው መጠን ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም ተራሮች ግግር በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ ባሕሩን ከፍ የሚያደርገው በ30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የግሪንላንድ በረዶ በ7 ሜትር፣ የአንታርክቲካ ደግሞ በ58 ሜትር ያህል ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ውቅያኖስን በሳጥን መክፈል

የአየር ጠባይን በስሌት የመተንበይ ሐሳብ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ 64,000 ሰዎች በአንድ ታላቅ አዳራሽ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የአንድ አካባቢ አየር ሒሳብ የሚሠሩበትን ሥርዓት በምናቡ ስሎ ነበር። እርሱ ራሱ በእጁ የሠራው የስድስት ሰዓት ትንበያ ሳምንታት ፈጅቶ ፍጹም የተሳሳተ ውጤት ሰጠ። ዘዴው ግን ትክክል ነበር፤ የዛሬው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሺዎች ለሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮች የሚያከፋፍለው ያንኑ ሥራ ነው። በ1969 ስዩኩሮ ማናቤና ከርክ ብራያን በአሜሪካ፣ ፕሪንስተን፣ የአየርን ሞዴልና የውቅያኖስን ሞዴል ለመጀመሪያ ጊዜ አገናኝተው አስኬዱ። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ውቅያኖሱ በስፋትም በጥልቀትም በሳጥኖች ይከፈላል። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ሙቀት፣ ጨዋማነትና የውኃ ፍጥነት አለው። ፕሮግራሙ የፈሳሽ እንቅስቃሴ ቀመሮችን ተጠቅሞ ከጎረቤት ሳጥኖች ምን ያህል ውኃ፣ ሙቀትና ጨው እንደገባና እንደወጣ ያሰላል፤ ከዚያ ሰዓቱን በጥቂት ደቂቃ ወይም ሰዓት ወደፊት ገፍቶ እንደገና ያሰላል። የመቶ ዓመት ትንበያ ማለት ይህን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ጊዜያት መደጋገም ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች እስከ ዛሬ የተጻፉት ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሚታወቀው የፎርትራን ቋንቋ ነው። ይህ ለዘመኑ ፕሮግራመር ሊያስገርም ቢችልም ቋንቋው ለእንዲህ ዓይነት ስሌት አሁንም ፈጣን ነው።

የሳጥኑ መጠን ወሳኝ ነው። በተለመዱት የአየር ንብረት ሞዴሎች አንድ ሳጥን በምድር ወገብ አካባቢ ጎኑ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጣና ሐይቅ በሙሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ሙቀትን ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዙት የውቅያኖስ አዙሪቶች ግን ብዙዎቹ ከዚህ ያንሳሉ፤ ስለዚህ ሞዴሉ አያያቸውም። ታዲያ ሳጥኑን ለምን አያሳንሱትም? የሳጥኑ ጎን በግማሽ ቢቀንስ የሳጥኖቹ ቁጥር አራት እጥፍ ይሆናል። በ1928 ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌቪ ባረጋገጡት ሕግ መሠረት ደግሞ ውኃው በአንድ እርምጃ ሳጥን እንዳይዘል የጊዜው እርምጃም በግማሽ ማጠር አለበት። በድምሩ ስሌቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ100 ወደ 10 ኪሎ ሜትር መውረድ ሺህ እጥፍ ሥራ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት አዙሪቶቹ በቀጥታ ከመሰላት ይልቅ ውጤታቸውን በሚወክል ቀመር ይተካሉ፤ ከእነዚህ ቀመሮች የታወቀው በ1990 ጄንትና ማክዊልያምስ ያቀረቡት ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አብዛኞቹ የውቅያኖስ ሞዴሎች ስሌቱን ለማቅለል የቡሲኔስክ ግምት የተባለውን ይጠቀማሉ። በዚህ ግምት ሞዴሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚጠብቀው የውኃውን ክብደት ሳይሆን ይዘቱን ነው። ከዚህ የተነሣ በሞዴሉ ውስጥ ያለው ውቅያኖስ ሲሞቅ አያብጥም! የባሕሩን ከፍ ማለት እንዲያሰላ የተጠየቀው ፕሮግራም የዋናውን ምክንያት ውጤት በራሱ አያሳይም ማለት ነው። ተመራማሪዎች ሙቀቱንና ጨዋማነቱን ከሞዴሉ ወስደው፣ እፍግታው ምን ያህል እንደቀነሰ ለብቻ አስልተው፣ የተገኘውን ከፍታ በኋላ ይጨምራሉ። በ1994 ሪቻርድ ግሬትባች ይህ እርማት ለመላው ውቅያኖስ አንድ ወጥ ቁጥር በመጨመር ሊከናወን እንደሚችል አሳየ። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች የሚለዋወጥ የበረዶ ንጣፍ የላቸውም፤ ግሪንላንድና አንታርክቲካ በውስጣቸው ቅርጻቸው የማይለወጥ ነጭ ተራሮች ናቸው። የበረዶው ስሌት በሌሎች ፕሮግራሞች ተሠርቶ ይደመራል።

ሒሳቡ ትክክል መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

ድምሩን ለማረጋገጥ ሦስት ነጻ የሆኑ መለኪያዎች አሉ። ሳተላይቶች ጠቅላላውን ከፍታ ይለካሉ። አርጎ የተባሉት ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ጥልቀት ወርደው ሲመለሱ የውኃውን ሙቀትና ጨዋማነት ይመዘግባሉ፤ ከዚህ የመስፋፋቱ ድርሻ ይታወቃል። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ግሬስ የተባሉት መንትያ ሳተላይቶች 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው እየተከታተሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲቀያየር የስበትን ለውጥ ይለካሉ፤ ከዚህ ወደ ባሕሩ የተጨመረው ክብደት ይታወቃል። የሁለቱ ድምር ከጠቅላላው ከፍታ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ለብዙ ዓመታት እኩል ነበር። ከ2016 ገደማ በኋላ ግን ሒሳቡ አልገጥም አለ። ምርመራ ሲደረግ አንዳንድ የአርጎ መሣሪያዎች የጨዋማነት መለኪያቸው ቀስ በቀስ እንደተዛባና ጄሰን-3 ሳተላይት በአየር ውስጥ ላለው እርጥበት የሚያደርገው እርማትም ስሕተት እንዳለበት ታወቀ። ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው ከመሣሪያዎቹ እንጂ ከባሕሩ አልነበረም።

ባሕሩ በሁሉም ቦታ እኩል አይጨምርም

አማካይ ቁጥር ለአንድ ከተማ ብዙም አይጠቅምም። በአትላንቲክ ሞቃት ውኃ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ቀዝቅዞና ከብዶ ወደ ጥልቁ ወርዶ ወደ ደቡብ ይመለሳል፤ መጠኑ በሴኮንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ሲሆን ከ2004 ጀምሮ በ26.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ በቋሚነት ይለካል። ይህ ዝውውር ሲዳከም በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ያለው ባሕር ከፍ ይላል። በ2009 እና 2010 ዝውውሩ በ30 በመቶ ያህል ሲቀንስ ከኒው ዮርክ በስተሰሜን ያለው የባሕር ከፍታ ለጊዜው ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ጨምሮ ነበር። ሞዴሎች ዝውውሩ በዚህ ክፍለ ዘመን እንደሚዳከም ይስማማሉ፤ በምን ያህል የሚለው ላይ ግን አይስማሙም።

ስበትም ድርሻ አለው። የግሪንላንድ በረዶ ከክብደቱ የተነሣ የባሕር ውኃ ወደ ራሱ ይስባል። ሲቀልጥ ይህ ስበት ይቀንስና ውኃው ይርቃል። ስለዚህ በግሪንላንድ ጠረፍ ባሕሩ ዝቅ ሲል፣ የጎደለው ሩቅ ባሉ ውቅያኖሶች ላይ ይጨመራል። ይህን በዝርዝር ያሰሉት ፋረልና ክላርክ በ1976 ነው። በተቃራኒው የአንታርክቲካ መቅለጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚሰማው በሰሜኑ የምድር ክፍል ነው።

የየብሱ እንቅስቃሴም ይታከላል። ስዊድንና ፊንላንድ ከ10,000 ዓመታት በፊት የለቀቃቸው የበረዶ ሸክም አሁንም እያስነሣቸው በአንዳንድ ስፍራ በዓመት 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። ጃካርታ ደግሞ በከርሰ ምድር ውኃ መውጣት ምክንያት በአንዳንድ ሰፈሮቿ በዓመት በበርካታ ሴንቲሜትር ትሰምጣለች። ይህም ኢንዶኔዥያ ዋና ከተማዋን ለማዛወር ከወሰነችባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

የአንታርክቲካ ጥያቄ

በ2007 የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል (አይፒሲሲ) ባወጣው ሪፖርት የክፍለ ዘመኑ ጭማሪ ከ18 እስከ 59 ሴንቲሜትር ተብሎ ተገመተ። ሰነዱ ይህ ቁጥር ወደፊት ሊከሰት የሚችለውን የበረዶ ፈጣን ፍሰት እንደማያካትት በግልጽ ጽፎ ነበር፤ በጊዜው ያንን የሚያሰላ አስተማማኝ ሞዴል አልነበረም። ብዙ አንባቢ ግን ቁጥሩን ይዞ ማሳሰቢያውን ተወ። የማይታወቅ ነገር ከዜሮ ጋር እኩል ተቆጠረ።

ፍርሃቱ የመጣው ከምዕራብ አንታርክቲካ ቅርጽ ነው። በዚያ በረዶው የተቀመጠው ከባሕር ጠለል በታች ባለ መሬት ላይ ሲሆን፣ መሬቱ ወደ መሀል በገቡ ቁጥር ይበልጥ ይጠልቃል። ሞቃት ውኃ የበረዶውን ጠርዝ ከሥር ሲበላው ጠርዙ ወደ ጥልቁ ያፈገፍጋል። ጥልቀት በጨመረ ቁጥር በረዶው ወፍራም ስለሚሆን ወደ ባሕር የሚፈሰው መጠን ይጨምራል፤ ይህም ማፈግፈጉን ያፋጥነዋል። አንዴ ከተጀመረ ሙቀቱ ባይጨምርም ሊቀጥል ይችላል። ብዙ የሚጠናው የትዌይትስ ግግር በረዶ ብቻውን ባሕሩን በ65 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ የሚያደርግ በረዶ ይዟል።

በ2016 ዲኮንቶና ፖላርድ ሌላ ሂደት ጨመሩ፦ ተንሳፋፊው ጠርዝ ተሰብሮ የሚቀረው ረጅም የበረዶ ገደል የራሱን ክብደት መሸከም አቅቶት ይፈርሳል የሚል። በዚህ ሞዴል አንታርክቲካ ብቻዋን በ2100 ከ1 ሜትር በላይ ልትጨምር ትችላለች ተባለ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ያለፉትን ዘመናት መረጃ ለማስረዳት የገደሉ መፍረስ የግድ እንደማያስፈልግ አሳዩ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ያለፈውን ዘመን መጠየቅ

ሞዴሎቹን ለመፈተን ከሚረዱት ማስረጃዎች አንዱ የሚገኘው በቀይ ባሕር ነው። ቀይ ባሕር ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው በባብ ኤል መንደብ በኩል ሲሆን፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው ደፍ ጥልቀቱ 137 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከ20,000 ዓመታት በፊት በበረዶ ዘመን የዓለም ባሕር ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ሲል ይህ በር ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የሚገባው ውኃ ሲያንስ፣ ፀሐይም ውኃውን ስታተነው፣ ቀይ ባሕር እጅግ ጨዋማ ሆነ። ይህ ለውጥ በባሕሩ ወለል ደለል ውስጥ በተቀበሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊት ኬሚካል ተመዝግቧል። በ2003 የታተመ ጥናት ይህን መዝገብ በበሩ የውኃ ልውውጥ ሞዴል ተርጉሞ፣ ባለፉት መቶ ሺዎች ዓመታት የዓለም ባሕር እንዴት ይወጣና ይወርድ እንደነበር አሳየ። አንድ ጠባብ የባሕር በር የመላው ዓለም መለኪያ ሆነ።

በኤርትራ ጠረፍ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለው አብዱር ደግሞ 125,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የኮራል ድንጋይ ከሰው እጅ ከወጡ የድንጋይ መሣሪያዎች ጋር ተገኝቷል። በዚያ ዘመን የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪ በፊት ከነበረው ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ተኩል ብቻ ቢበልጥም፣ የዓለም ባሕር ከዛሬው ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍ ይል ነበር። የአብዱርን ድንጋይ የመሬት እንቅስቃሴ ስላነሣው ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ ከሌሎች ባሕር ዳርቻዎች የተገኙት ማስረጃዎች ግን ይስማማሉ። ከ14,500 ዓመታት በፊት ደግሞ ባሕሩ ከ500 ዓመት ባነሰ ጊዜ ከ10 ሜትር በላይ ጨምሯል። በረዶ በዝግታ ብቻ እንደማይጠፋ የሚያሳየው ይህ ነው።

የአሁኑ ትንበያ

የአይፒሲሲ የ2021 ሪፖርት ከ1995–2014 አማካይ ጋር በማነጻጸር፣ ልቀት በፍጥነት ከቀነሰ በ2100 ከ32 እስከ 62 ሴንቲሜትር፣ እጅግ ከጨመረ ደግሞ ከ63 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ጭማሪ ይጠብቃል። እስከ 2050 ባለው ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ውቅያኖሱ የወሰደውን ሙቀት ቶሎ አይለቅምና። ሪፖርቱ ከ2007ቱ በተለየ፣ በደንብ ያልታወቁትን የበረዶ ሂደቶች ለብቻ አስቀምጦ፣ በከፍተኛ ልቀት ጊዜ በ2100 ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ጭማሪ ሊከሰት አይችልም ማለት እንደማይቻል ጽፏል።

ይህ ልዩነት ለመሐንዲስ ትልቅ ነው። ለንደን በቴምዝ ወንዝ ላይ ያለውን የጎርፍ መከላከያ በተመለከተ የመረጠችው አንድ ቁጥር ላይ መወሰንን ሳይሆን፣ ባሕሩ እየተለካ በየደረጃው ሊቀየር የሚችል ዕቅድን ነው። የአባይ ደልታ እንዲህ ያለ ምርጫ ጠቦበታል። እስክንድርያና አካባቢዋ ዝቅተኛ ናቸው፤ መሬቱ ይሰምጣል፤ ቀድሞ ደልታውን ይገነባ የነበረው ደለልም ከአስዋን ግድብ ጀርባ ቀርቷል። የኢትዮጵያ አብዛኛው የውጭ ንግድ የሚያልፍበት የጅቡቲ ወደብም ዝቅ ባለ ጠረፍ ላይ ነው። በአፍሪካ ጠረፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይቋረጡ የሠሩ የባሕር ከፍታ መለኪያዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ለእነዚህ ስፍራዎች የሚሰጠው ቁጥር በአብዛኛው ከሳተላይትና ከሞዴል የሚመጣ ሲሆን፣ የመሬቱን መስመጥ በቦታው በሚለካ መሣሪያ ማስተካከል የሚቻለው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው።